ለፋሲካ የተቀጠረ ባንድ

እዚህ ጎንደር ከማራኪ ፒያሳ ከሚመላለሱት ባጃጆች ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብለው ጽፈዋል። ይህን ጸሎት ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኝ ነበር። ሰው እንዴት ፈጣሪው ፊት ቆሞ፣ ጤናና እንጀራ እያለ፣ ምቀኛ ይለምናል? ደግሞስ ምቀኛ በልመና ሆኖ ያውቃል? ሳይጠሩት መጥቶ ቁጭ ይላል እንጂ! ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ ቅናት ዝምድና ይፈልጋል። ሳንጃ ላይ የማላውቀው ነጋዴ በሰሊጥ ቢከብር፣ እሰየው ብዬ ለጥ ብዬ እተኛለሁ። ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን ሽሮ የበላ ሰው ያለፈለት እንደሆነ ግን እንቅልፍ የለም።

እኔ ቀለም ሻጭ ነኝ፤ የግድግዳ ቀለም። ዱሮ ግን «ኪራይ ቤት» የሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ስሙ የወጣልን ማራኪ ተከራይተን ከምንለማመድባት ክፍል ነው። አራት ነበርን። አሳታሚ የለን፣ ስፖንሰር የለን፤ ራሳችን ቀድተን ራሳችን ዩቲዩብ ላይ እንለቃለን። አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ፤ ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ዘፈን የለም። እኛም የጎንደር ልጆች አይደለን? አንድ ዓመት የጾሙ ዋዜማ ላይ ድራሙን በነጠላ ሸፍነን፣ «በሉ እንግዲህ፣ ለፋሲካ!» ተባብለን ተለያየን። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተነጋገርንም። አንዱ ሥራ ያዘ፣ ሌላው ባሕር ዳር ገባ፣ እኔ አገባሁ። ፋሲካው ዓመት እየጠበቀ መጥቶ መጥቶ ሄደ። እኔ ግን ቤዜን አልሸጥኩም፤ ይጠሩኛል ብዬ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት።

ታዲያ በቀደም አንድ ደንበኛዬ ነጭ ቀለም እየመረጠ፣ «ኪራይ ቤቶች ተመለሱ አይደል? አዲሱን ዘፈን ሰማኸው?» አለኝ። ስልኩን ከፈተ። የኔነህ ነው፣ ዘፋኛችን፤ ያችው ጉሮሮ። ድራሙም ያው ድራም ነው። ቤዙ ጋ ስደርስ ግን ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። የእኔ ጣት አይደለማ!

«ሸጋ ነው አይደል?» አለኝ ሰውየው።

«ትንሽ ይጮኻል» አልኩት። ለነገሩ የሚጮኸው ሆዴ ነበር።

ሚስቴ «ምነው አትደውልላቸውም?» አለችኝ። እነሱ ይደውሉ እንጂ! ሱቄ እኮ ከሚለማመዱበት ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው የሚርቀው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ፤ እነሱማ ልጥ እንኳ ሳይነክሩብኝ አለፉኝ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሽ ተከራይተው ዝግጅት አደረጉ። አልሄድም ብዬ ሄድኩ፤ ከፍዬ ገባሁ፤ ከኋላ ቆምኩ። በእኔ ቦታ የቆመው ልጅ ጣቱ እንደ ሸንበቆ የረዘመ፣ ደግሞም ሥነ ሥርዓት ያለው ነው። ይሄ ነው የሚያናድደው! ክሩ ይበጠስበት ብዬ ጧፍ ተሳልኩ። ታቦቱም ናቀኝ መሰል፣ ልጁ ጭራሽ አማረበት።

መሃል ላይ የኔነህ ሙዚቃውን ዝቅ አስደርጎ «ስጡኝ እስቲ!» አለ። የአዝማሪ ቤቱን ወግ ወደ ጊታር አምጥቶት ነው። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ያንኑ መልሶ ይዘፍናል። ስድብ እንኳ ቢሆን፣ በራሱ ላይ እንኳ ቢሆን፣ አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ዓይኔ በራ። በገዛ አፉ ላሰድበው ነዋ!

«ተቀበል!» ብዬ ከኋላ ጮኽኩ።

«ለፋሲካ ጠብቅ ብላችሁ ሄዳችሁ፣
እኔ ስጾም ቀረሁ እናንተ በላችሁ።»

የኔነህ ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑን ጨፍኖ አንጎራጎረው። ልጁ በቤዙ ከሥር ያዘለት። እናንተ፣ አዳራሹ ተነሳ! ለካስ ጠብቅ ተብሎ ያልቀረ ሰው የለም። አንዷ እጮኛዋን አስባ ታለቅሳለች፤ አንዱ ጎረምሳ ሥራ እናስገባሃለን ያሉትን ዘመዶቹን እያሰበ ነው መሰል ወንበር ላይ ወጥቶ ይዘላል። የእኔ ምቀኝነት ከዝግጅቱ ሁሉ በላይ ተጨበጨበለት። በሳምንቱ ቀድተው ለቀቁትና ባጃጁ ሁሉ እሱን ይከፍት ጀመር። እኔም በገዛ ግጥሜ ስቀና ከረምኩ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ ስልኬ ጠራ። የኔነህ!

«አንተ፣ ምነው እንዲህ ትጠፋለህ?» አለኝ። «ያቺን ግጥም የሰጠኸን አንተ ነህ፤ ድምፅህ ይጠፋኛል? ቅዳሜ ደባርቅ እንጫወታለን። አብረኸን ትሄዳለህ።»

እጄን እንኳ ሳልታጠብ አልጋ ሥር ገባሁ። «ቤዙን ክር ላስቀይረው?» አልኩት፣ አቧራውን እየጠረግኩ።

ወዲያ ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤዝ እንኳ ልጁ አለ... አንተ እንደ ያኔው ከኋላ ቆመህ ትንሽ ብትሰድበን ብለን ነው።»

መቆጣት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» የሚል ወጣ።

ሚስቴ በር ላይ ቆማ ኖሯል። ፊቷ በራ፤ «መለሱህ? ባንዱ ውስጥ ገባህ?» አለችኝ።

«ገባሁ» አልኳት፣ ቤዙን ወደ አልጋው ሥር እየገፋሁ።

«በምን?»

«በምቀኝነት።»