ሚልኬሳ ዘቡራዩ ሜሞሪ የሚውጠውን ካርድ በወሰን እንዳቆመው

በ፳፻፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ የካቲት፣ ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው በማስተር ፕላኑ ነገር አገር ታውኮ የአምቦ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት ወራት፣ ጠጋኔ ኮምፒውተር፣ መጋቤ ኬብል ሚልኬሳ በገብረየስ ቪዲዮ ቤት ወንበር በተሰየመ በሦስተኛው ዓመት፣ ይህ ገድል ተፈጸመ።

ኦቦ ሞቱማ ለልጃቸው ለወርቅቱ ሠርግ በሬ ሊያመጡ ሱሉልታ ሄደው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው፣ ልጅቱ ቡራዩ ላይ ስትዳር እርሳቸው ከበሬው ጋራ እዚያው ቀሩ፤ ወርቅቱም ያለ አባት ምርቃት ወደ ገላን ሄደች። ሠርጉ ያለው በአንዲት ካሴት ብቻ ነበረ፤ ኦቦ ሞቱማም መንገዱ ሲከፈት ተመልሰው፣ ሠርጉን በዓይናቸው ሊያዩ ካሴቱን ይዘው ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጡ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ካርድ ግን በእንግድነት ገብቶ ባለርስት መሆን የሚያምረው ነበርና፣ ሜሞሪውን እየያዘ፣ የያዘውንም ቆልፎ ለማንም አልለቅ እያለ፣ ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ድርቅ አደረገው። ካሴቱም በመመላለስ ብዛት ተላልጦ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መዞር እንደማይችል ሚልኬሳ አየ።

ያን ጊዜ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ገብረየስ፣ «ሜሞሪ ይጨመርለት!» ብሎ አወጀ፤ ተጨመረለት፤ በሌላ ካሴት ቢሞክሩት ካርዱ የተጨመረውንም ዋጠው። የሚኒባስ ረዳቱ ወንዲም፣ «ጠፍቶ ይብራ!» ብሎ አወጀ፤ ጠፍቶ በራ፤ ያው ሆነ።

ሚልኬሳ ግን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብሎ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጠኛ ደንብ ወርዶ ጻፈ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ካርድ ሆይ፣ ከሜሞሪው አራት ጊጋ ግማሽ ጊጋ ብቻ ያዝ፤ ከዚያ ወዲያ ብትጠይቅ አይሰጥህም፤ የሠራህበትን እየለቀቅህ ሥራ!» አስቀድሞ በንዴት እፍኝ የምታህል ብቻ ፈቅዶለት በሙከራው ካሴት ሥዕሉ ተቆራርጦ ነበር፤ ይህን ግን የገድሉ ጸሐፌ ትእዛዝ ስለ ሚልኬሳ ክብር አልጻፈውም። ኦቦ ሞቱማም አዋጁን ሲሰሙ፣ እንዲህ ያለው ለከተማውም ቢወጣ ምን ነበረበት ብለው አሰቡ።

ከዚያም ገብረየስ፣ ወንዲ፣ ፎቶ አንሺዋ ማሪቱና መንገድ ተዘግቶባቸው ሥራ የፈቱ ሰባት ሾፌሮች ትንፋሻቸውን ውጠው ሲቆሙ፣ የሠርጉ ካሴት ገባ። ካርዱ ግማሽ ጊጋ ያዘ፣ ጨምሩልኝ አለ፣ ተከለከለ፣ እንደ ጨዋም ባለው ሠራ።

ወርቅቱ ከቤት ስትወጣ ታየች፤ መኪናው በር ላይ ቆማ፣ አባቷ ይመጣ እንደሆነ መንገዱን አየች። ኦቦ ሞቱማ ከዱካቸው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጃቸውንም ወደ ስክሪኑ ዘርግተው፣ «ሆሪ ቡሊ፣ ልጄ! ውለጂ፣ ክበጂ! አባትሽ መጥቷል!» ብለው አወጁ። ሾፌሮቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው አሜን አሉ።

እንግዲህ ስሙ ከቡራዩ እስከ ገላን ይጠራ፣ ኬብሉ አይቆረጥ፣ መብራቱ አይጥፋ፤ መንገድ የከለከላቸውን አባት ለልጃቸው ሠርግ ያደረሰ ሚልኬሳ ነውና።