የአማካዩ መርዶ

[ዳውንታውን ዴንቨር፣ እንደ ፈረንጆቹ 2016። የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መግቢያ ላይ ያለች ጠባብ የመስታወት ክፍል፤ ውስጧ አንድ ወንበር ብቻ። ወንበሩ ላይ ጋሽ አስመሮም ተሰይመዋል፤ ስድሳን ያለፉ፣ የማያውቁት ነገር ያለ የማይመስላቸው ሰው ናቸው። የደንበኛ መኪና ተቀብሎ ወደ ፎቅ እየነዳ የሚያቆመው ወጣቱ በድሉ ነው። ዛሬ ጠዋት ማናጀሩ በድሉን ለብቻው ጠርቶ፣ «የሽማግሌው ሥራ ዓርብ ያበቃል፤ ሒሳብ የሚቀበል ማሽን እናስገባለን። አንተ በቋንቋችሁ ንገራቸው» ብሎታል። በድሉ አንጀቱ አልቻለም። በኳስ ወሬ፣ በከተማው ቡድን አንጋፋ አማካይ በኦራሲዮ አሳብቦ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል።]

አስመሮም፦ ሊያሻማ አልነበረም። ጎሏን አስቦ ነው ያገባት።

በድሉ፦ ጋሼ፣ ኦራሲዮ ራሱ ሊያሻማ እንደነበር ተናግሯል።

አስመሮም፦ ኦራሲዮ ስለ ኦራሲዮ ምን ያውቃል? አማካይ እግሩ ሲመታ ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ ነው።

በድሉ፦ አሁን ግን ሌላ ቦታ ያለው እግሩ ነው። ሜዳ መሃል ቆሞ በጣቱ ሲያመለክት ይውላል።

አስመሮም፦ ማመልከት ሥራ አይደለም?

[ውጭ ክላክስ ይነፋል። ጋሽ አስመሮም ሳይነሱ በጣታቸው ወደ ላይ ያመለክታሉ። በድሉ ሮጦ ይወጣል፤ ሮጦ ይመለሳል።]

አስመሮም፦ ሁለተኛ ፎቅ አደረግከው?

በድሉ፦ ሁለተኛ ሞልቷል። ሦስተኛ ፓርክ አደረግኩት።

አስመሮም፦ እንዲህ ነው የጥሩ አማካይ ኳስ የሚባክነው።

በድሉ፦ [ስልኩን እያየ፣ እንደምንም ደፍሮ] ጋሼ፣ ኦራሲዮን አሰናብተውታል። እዚህ ተጽፏል።

አስመሮም፦ መርዶውን ማን ነገረው?

በድሉ፦ በኢሜይል ነው ይላል።

አስመሮም፦ ከፓራጓይ አንስተው፣ ቦነስ አይረስ አስሩጠው፣ ስፔን ወስደው ተጠባባቂ ወንበር ላይ አድርቀው፣ ሜክሲኮ ጉልበቱን አስሰብረው፣ አሜሪካ አምጥተው በኢሜይል። ለውሻ እንኳ «ውጣ» ይባላል እኮ።

በድሉ፦ ኳስ ተጫዋች አሜሪካ የሚመጣው ሊጦር ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

አስመሮም፦ እኛስ ለምን መጣን?

በድሉ፦ እርስዎማ ልጅ አለዎት። መርሃዊት እኔ ጋ ይግቡ ትልዎት የለ? ለምን የቻምበርስ ሮዱን ቤት ኪራይ ይገፈግፋሉ?

አስመሮም፦ አባት ልጁ ቤት ሲገባ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ይልቅ ሚስትህ ወይንሸት መቼ ነው የምትወልደው?

በድሉ፦ በሚመጣው ወር።

አስመሮም፦ እግዚአብሔር ያውቃል።

[በድሉ ወሬው ከእጁ እንዳይወጣ ይጣደፋል።]

በድሉ፦ እርስዎ ቢሆኑ ለኦራሲዮ እንዴት ይነግሩት ነበር?

አስመሮም፦ መጀመሪያ ይበላል። መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማም። [ከወንበሩ ሥር የሳንቡሳ ከረጢት ያወጣሉ።] እንካ፣ ብላ።

በድሉ፦ እርስዎ ይብሉ እንጂ።

አስመሮም፦ ለአንተ ነው የገዛሁት።

በድሉ፦ እንግዲያውስ አብረን።

[ይበላሉ። በድሉ ሽማግሌው ሁለተኛውን እስኪጨርሱ ይጠብቃል፤ ሽማግሌውም በድሉን።]

በድሉ፦ ከዚያስ?

አስመሮም፦ ይቀመጣል። [ከወንበሩ ይነሳሉ።] ተቀመጥ።

በድሉ፦ ኧረ እርስዎ ይቀመጡ።

አስመሮም፦ ላሳይህ ነው፣ ተቀመጥ።

[በድሉ ይቀመጣል። ይህን ወንበር ሲመኘው ነው የኖረው፤ ዛሬ እሾህ ሆነበት።]

አስመሮም፦ ከዚያ ስለ ሌላ ሰው ይወራል። እገሌን እንዲህ አገኘው፣ እገሊት እንዲህ ሆነች እየተባለ ቀስ በቀስ ወደ ባለቤቱ ይጠጋል።

በድሉ፦ ካልገባውስ? ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሆኖ የሌላ ሰው ወሬ ቢመስለው?

አስመሮም፦ [ትክ ብለው እያዩት] እንዲህ ያለ ደንቆሮ ሞልቷል። ቤቱ እየነደደ፣ ጎረቤት ምን ያሳርራል የሚል።

በድሉ፦ [እሱም ትክ ብሎ እያያቸው] አውቃለሁ። አንጀት ይበላል።

አስመሮም፦ እና ያ ለኦራሲዮ የሚሮጥለት ልጅስ? ከጥግ ጥግ የሚላላከው?

በድሉ፦ እሱ ምን ይሆናል? ጉልበት አለው።

አስመሮም፦ ቡድኑ ሩጫ አያስፈልገኝም ቢልስ? ተመልካቹ ራሱ ሜዳ ገብቶ ይሩጥ ቢል?

በድሉ፦ [ይስቃል] ጋሼ ደግሞ። ተመልካች ከሮጠ ኳስ አለቀለት።

አስመሮም፦ ሚስቱ እርጉዝ ብትሆንስ?

በድሉ፦ የማን? የሯጩ? ይኼ ስልኩ ላይ አልተጻፈም።

[በድሉ ያዝንላቸዋል። አማካዩ ሲወድቅ እያዩ ለሯጩ ይጨነቃሉ። እንዲህ ላለ ሰው ዙሪያ ጥምጥም እንደማይሆን ገባው። ተነስቶ ወንበሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል።]

በድሉ፦ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዓርብ የእርስዎ የመጨረሻ ቀን ነው። እንድነግርዎ ማናጀሩ አዞኝ ነው።

[ጋሽ አስመሮም እጃቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ያራግፋሉ።]

አስመሮም፦ መቼ አዘዘህ?

በድሉ፦ ዛሬ ጠዋት።

አስመሮም፦ እኔን ትናንት ነው የጠራኝ።

በድሉ፦ ያውቁ ነበር?

አስመሮም፦ ስለ ራሴ አላወቅኩም። ደንበኛው መኪናውን ራሱ ያቁም ስለተባለ ልጁ አያስፈልገንም፣ አንተ አባብለህ ንገርልን ነው ያለኝ።

በድሉ፦ ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?

አስመሮም፦ የት ዝም አልኩ? ስለዚያ ሯጭ ስለፈልፍ የዋልኩት ለማን ነው?

በድሉ፦ እኔ ስለ ኳስ መስሎኝ።

አስመሮም፦ እኔም አንተ ስለዚያ ሽማግሌ አማካይ ስታወራ፣ ስለ ኳስ መስሎኝ።