የጋሽ ብርሃነመስቀል ባሌስትራ

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እግዜርን አመስግኖ የሚያልፍ፣ እና እንዴት እንደሚሠራ ካላየሁ ብሎ የሚፈታ። ሁለተኛው ዓይነት በየሰፈሩ አንድ አለ፤ ከአንድ በላይ ቢኖር ሰፈሩ አይችለውም። አንዳንዱ ሰፈር ሬዲዮ ፈቺ ደርሶታል፣ ሌላው ሰዓት ፈቺ። ለእኛ ለሚዛን ተፈሪዎቹ የደረሱን ላንድሮቨር የሚፈቱት ናቸው።

ሊቀ ብሎናት ጋሽ ብርሃነመስቀል ጡረታ እስኪወጡ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ላንድሮቨሯ ያኔ የመሥሪያ ቤት ነበረች፤ ማጂ ድረስ በጭቃ አብረው ተንከራተዋል። አርጅታለች ተብላ በጨረታ ስትወጣ እሳቸው ገዟት። ከዚያ ወዲህ ከነዷት ቀን የፈቷት ቀን ይበልጣል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?" እላለሁ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ።

"ትንሽ ድምፅ አላት።"

"ባለፈው ወር ፈትተዋት አልነበር?"

"የባለፈው ወሩ ሌላ ድምፅ ነው።"

ያን ድምፅ እኔ ሰምቼው አላውቅም። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃንም አልሰሙትም። ግን ምን ላድርግ፣ እኔም የማየት አባዜ አለብኝ። ለአንድ አፍታ ብዬ አጥሩን አልፌ እገባና እስከ ምሳ ድረስ መዶሻ አቀባይ ሆኜ እቀራለሁ። መኪናዋን በክሪክ ያነሷታል፤ ከሥር ግንድ ይደግፉላታል፤ የዛገው ብሎን ላይ ዘይት ጠብ ያደርጉና በርጩማቸውን ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። "ይግባበት፤ አይቸኮልም" ይላሉ። ብሎኑ እስኪላላ ድረስ ስለ ማጂ መንገድ ያወሩኛል። አንዳንዴ ለእኔ ይሁን ለብሎኑ እንደሚያወሩ አይገባኝም።

ባለፈው ኅዳር የተፈቱት የፊት ባሌስትራዎች ነበሩ፤ ጉድጓዱን ሁሉ የሚችሉልን እነዚያ የተደራረቡ ብረቶች። ግራና ቀኙ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ግን መንታ ልጆቿን እንደምትለይ እናት ናቸው። "የሹፌሩ ጎን ጠንከር ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እዚያ ሰው አይጠፋማ" አሉኝ። በጠመኔ ምልክት አድርገው የግራውን ከነብሎኑ በግራ፣ የቀኙን ከነብሎኑ በቀኝ ደረደሩት። የት? እትዬ ለተብርሃን ቡናቸውን የሚያሰጡበት የሽቦ አልጋ ላይ። ዶሮ አይደርስበትም፣ ውሃ አይቋጥርበትም፣ ለባሌስትራ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብለው አስረዱኝ።

እትዬ ለተብርሃን ግን ሊረዱላቸው አልቻሉም። የተለቀመው ቡና ጆንያ ውስጥ ሊሻግት ነው። በረንዳው ላይ ቆመው ፈረዱ፦

"ስማ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቀጥ ብላ ቆማ አማን እህቴ ቤት ታድርሰኝ። አለዚያ ያ ልግዛት እያለ የሚመላለሰው የቴፒ ሰውዬ ይውሰዳት። ዕቃ መጫኛ ያደርጋታል።"

የጋሽ ብርሃነመስቀል ፊት አመድ መሰለ። ሴትየዋ ያሉትን ከማድረግ ወደኋላ እንደማይሉ ሰፈሩ ያውቃል፤ እሳቸው ደግሞ ከሁላችን በላይ ያውቃሉ።

ቅዳሜ ግሪስ ሊገዙ ገበያ እንደወጡ ሰማዩ ጠቆረ። በእኛ አገር ዝናብ ሲመጣ አልጋ ላይ የተሰጣ ነገር የማንም አይደለም፤ የደረሰ ሁሉ ሮጦ ያፍሳል። ጎረቤታችን ባለሱቁ ናስር ሱቁን ክፍት ትቶ በአጥሩ ዘለለ። ሚስቱ ሱሀይላ ጆንያ ይዛ ተከተለችው። እኔም ነጠላ ጫማዬን ጥዬ ደረስኩ። ያገኘነውን በእፍኝ በእፍኝ እያፈስን ጆንያ ውስጥ ከተትን። ጆንያው ውስጥ ብረት ከብረት ሲንኳኳ እንኳ አንዳችንም ቆም ብለን አላሰብንም፤ እጃችን ቡና ነው የለመደው። ባሌስትራዎቹንም እየጎተትን ጣሪያ ሥር አስገባናቸው። ጠመኔው በዝናቡ ታጥቦ ሄደ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል በስብሰው ሲመለሱ ናስር የጆንያውን አፍ በሲባጎ አስሮ ጠበቃቸው።

"አንድም አልቀረብዎትም፣ ጋሼ" አለ ኩራት ኩራት እያለው።

ጆንያውን አዩት። ባሌስትራዎቹን አዩዋቸው። ሦስታችንንም ውሃችን እየተንጠባጠበ አዩን። የሚሉት ነገር ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ አየሁት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆቼ" አሉ።

እስኪመሽ ድረስ ለቅመው ለይተው ገጠሙ። እኔም መዶሻ አቀበልኩ፤ የትኛው የግራ የትኛው የቀኝ እንደሆነ ግን ከሁለታችን አንዳችንም መማል አንችልም ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጁ ላይ ቆሙ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ገብተው ሞተሩን አስነሡ። መኪናዋ በሹፌሩ በኩል ዘመም አለች። ባሌስትራዎቹ ተቀያይረዋል። እትዬ ለተብርሃን ወደ ቴፒ መንገድ ዞር ብለው ተመለከቱ። ጋሽ ብርሃነመስቀል መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀሩ። የሚፈታ ነገር አጥተው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሌላኛው በኩል በሩን ከፍቼ አጠገባቸው ዘፍ አልኩ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ለጎማው ሠግቶ ዞር ብሎ የሚያየኝ ዓይነት ሰው ነኝ። ላንድሮቨሯ እህ ብላ በእኔ በኩል ወረደችና ቀጥ አለች።

እትዬ ለተብርሃን ከፊት ለፊት ቆመው መኪናዋን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ።

"ተካ፣ አንተም አማን ጉዳይ አለህ?"

"አለኝ፣ እትዬ።"

"ዛሬ ብቻ ነው?"

"ሁልጊዜ ነው።"

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላ ወጡ።

እነሆ ዓመት ሊሞላ ነው። በየእሁዱ ምንም ጉዳይ ወደሌለኝ አማን እሄዳለሁ። እትዬ ለተብርሃን እህታቸው ዘንድ ሲጫወቱ እኔና ጋሽ ብርሃነመስቀል መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለን የማጂን መንገድ ጭቃ እናወራለን። ባለፈው ሳምንት መፍቻ ይዘው በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ሳይጠይቁ መፍታት እንጂ አስፈቅደው መፍታት አያውቁም ነበር።

"ተካ፣ ባሌስትራዎቹን ላቀያይራቸው እንዴ? የግማሽ ቀን ሥራ ናት። አንተም ታርፋለህ።"

"ታዲያ እኔ እሁድ እሁድ የት ልሂድ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

መፍቻውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።