አስፋልት የሚያየው ጣራ

ቤት በተጀመረበት ሁሉ ሳይጠራ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። አሸዋው ሳይራገፍ ደርሷል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳውን ላይ ታች ያያል፤ ከዚያ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ «ይሄ ነገር ተጣሟል» ይላል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነቱን መሆኑ ነው።

የሐይቅ ከተማ ድርሻ አያ አብዱልሰመድ ናቸው። አርባ ዓመት ቆርቆሮ የመቱ አናጢ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከመሰላል ጋር ሲጣላ ራሳቸውን የጣራ ጠቅላይ ዳኛ አድርገው ሾሙ። ግድግዳ መጣመሙን የሚለኩበት ባለ ገመድ ቱምቢያቸው ከኮት ኪሳቸው አይጠፋም። ለቅሶ ሄደው «ምሰሶው አዘንብሏል» ብለው ድንኳን ያስነቀሉ፣ ኒካህ ላይ ሙሽራውን ትተው ኮርኒስ ሲመረምሩ የዋሉ ሰው ናቸው። አንዴም እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ በእግራቸው ሄደው ስለ ዕቃ ቤቱ ክዳን ምክር ሰጥተው ተመልሰዋል። የጠየቃቸው የለም፤ መነኮሳቱ ግን በክብር ሸኟቸው።

መስኡዳ ከእኚህ ሰው ጋር የተጣላችው በገዛ ጣራዋ ነው። ጅዳ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ስትመለስ ሁለት ነገር ይዛ መጣች፤ ለእናቷ ለዑምኩልሱም የኦክስጅን ማሽን፣ በስልኳ ደግሞ የአንድ ቤት ፎቶ። የእናቷን ሳንባ የዘመን ጭስ ጨርሶታል፤ ያለ ማሽኑ ትንፋሽ አይበቃትም። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። የዚህ ችግር መላ ፎቶው ላይ ነበር፤ ሶላሩ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ቆርቆሮውን ተክቶ ራሱ ጣራ የሆነ ቤት፣ ጥቁር፣ ቁልጭ ያለ።

ቦታዋ አስፋልት ዳር ነው፤ አስፋልቱም ከቤቱ በስተሰሜን፣ ሲሰገድ ፊት በሚዞርበት በቂብላ በኩል ያልፋል። መስኡዳ ጣራው ሾጠጥ ብሎ እንዲሠራ፣ ሶላሩም በዚያው በአስፋልቱ በኩል እንዲሆን አዘዘች። ወደ ውጫሌ የሚያልፍ አውቶብስ ሁሉ ይየው! አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያላየው ልፋት አንዴ ቢታይ ምን አለበት? ደሞስ ወደ ቂብላ የዞረ ነገር መቼ ይከፋል?

አያ ደረሱ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልጄ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደሴ አዙሪው።»

«በደሴ በኩል ማን ያየዋል፣ አያ?»

«ፀሐይ ታየዋለቻ! የምትሠሪው ለሰው ነው ለፀሐይ? በታኅሣሥ ቀትር ላይ ዙሁር ስትሰግጂ ፀሐይ የት ላይ ነው የምትመታሽ?»

መስኡዳ አሰብ አደረገችና «ጀርባዬን» አለች።

«አየሽ! ፊት ለቂብላ፣ ጀርባ ለፀሐይ። ቤትም እንደ ሰው ነው። ወላሂ ይሄ ጣራ በበጋ ይርበዋል! ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ቢሆን ነገ ትነቅይው ነበር፤ ይሄ ግን ራሱ ጣራ ነው፣ ባርኔጣ አይደል አይዞር!»

«አያ፣ እርስዎ የራስዎን ጣራ ይጠብቁ» አለቻቸው። ሠራተኞቹ ሳቁ። አያም ሄዱ፤ በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው አጥሩን አዘጋችባቸው።

ቤቱ በግንቦት አለቀ። ሰኔ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ወደ ሰሜን አዘንብላ የምታልፍበት ወር ነውና ሶላሩ ጥግብ አለ። መንደሩ መብራት ሲጠፋበት የዑምኩልሱም ማሽን ያለ ሐሳብ ያጉረመርማል። የክረምቱንም ደመና እንደ ምንም ተወጣው። ገበያ ላይ «አያ፣ ፀሐይ ከዳችዎት!» እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። እሳቸውም «ኅዳር ይምጣ» ብለው ያልፋሉ። ያልሳቀችባቸው ዑምኩልሱም ብቻ ናት፤ «ይጮኻል እንጂ ሰው ነው» ትል ነበር፣ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ እንዳለ።

ኅዳር መጣ። ፀሐይ ወደ ደሴ ሸሸች፤ ሶላሩን በጎን ገረፍ አድርጋው ማለፍ ያዘች። ባትሪው ከግማሽ በላይ አልሞላ አለ። አያ ሳይጠሩ መጡ፤ አሁን ግን አልጮኹም።

«ልጄ፣ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። እኔ ከታች ሆኜ አሳያቸዋለሁ። ከፍተን ወደ ወዲያኛው ክንፍ እናዛውረዋለን።»

መስኡዳ ገብቷታል። ግን አዲስ ጣራ ስድስት ወር ሳይሞላው ሲፈርስ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊያይ ነው። «መኸሩ ይለፍና» አለች። ሰው ምን ይለኛል የሚሉት በሽታ ከሳንባ በሽታ ይከፋል።

በታኅሣሥ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የአሱር ሶላት ሳይደርስ ባትሪው ጨርሶ ሞተ። ውጭ ፀሐዩ ዓይን ያወጣል። በደሴ በኩል ያለው ባዶ ቆርቆሮ እጅ ያቃጥላል፤ ሶላሩ ያለበት ክንፍ ቀዝቅዟል። መስኡዳ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪና ፍለጋ አስፋልት ላይ ወጥታ እጇን እያወናጨፈች ጮኸች። አውቶብሶቹ አለፉ። ጣራዋን ቀና ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። መኪና አግኝታ ስትመለስ የእናቷ ትንፋሽ ቆሟል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ አያ አብዱልሰመድ ገቡ። መስኡዳ ጠበቀች። «አላልኩሽም ነበር?» ይበሏት። ቢሏት እንኳ ይቀላት ነበር፤ ራሷን ስትጠይቅ የሰነበተችው እሱኑ ነው። ሰውም ያን ነበር የጠበቀ። አያ ተቀመጡ፣ ለሟቿ ፋቲሃ ቀሩ፣ ጣራውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ለክቼው ነበር። ወደ ደሴም ቢዞር ለውጥ አልነበረውም። እምቢ ያለው ባትሪው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አያ አብዱልሰመድ ተሳሳትኩ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ስለ አንድ ሚስማር ሲያወሩ እንኳ የሚምሉ ሰው ያን ቀን ወላሂ አላሉም። መስኡዳ ይህን ልብ አለች። ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ስታለቅስ ዋለች።

ወሬው ከተማውን ዞረ። «ለካ አያም አያውቁም!» ግንባታ ሲጠጉ «ቱምቢዎን ይዘው ወደ ቤትዎ» ይሏቸው ጀመር። ምስኪን፣ ያላቸው ሀብት ልክ መሆን ብቻ ነበር፤ እሱንም አንስተው ሰጡ። ከዚያ ወዲያ የተቆለለ አሸዋ ሲያዩ መንገድ ተሻግረው ያልፋሉ።

በየካቲት ማህዲ የሚባል ዓሣ ነጋዴ ከመስኡዳ አጠገብ ሱቅ ጀመረ። ለዓሣ ማቀዝቀዣው ብሎ እሱም ሶላሩን ጣራ ሊያደርገው ነው፤ እሱም ወደ አስፋልቱ። አያ በዚያ ሲያልፉ ጠራቸው።

«እንዴት ነው፣ አያ? ተጣሟል?» አለ እያሾፈ።

አያ ጣራውን አዩ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ።

መስኡዳ ደጃፏ ላይ ሆና ሰማች። ይህን ቃል መሸከም አቃታት። ሄዳ ሠራተኞቹ መሃል ቆመች።

«ማህዲ፣ ወደ ደሴ አዙረው! እሳቸው ልክ ነበሩ። ደጋግመው ነግረውኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴን የነጠቀኝ የገዛ ኩራቴ ነው። እሳቸው ለኔ ብለው ዋሹ፤ ወላሂ ዋሹ!»

መዶሻው ሁሉ ቆመ። አያ አብዱልሰመድ ዞሩ።

«ማነው የዋሸ? አንቺ ስለ ባትሪ ምን ታውቂና ነው!» ብለው ጮኹባት። እንባቸው ግን ቀድሟቸው ጺማቸው ላይ ወርዶ ነበር።

«ምንም አላውቅም፣ አያ» አለች እጃቸውን ስማ።

ማህዲ መሰላሉን በደሴ በኩል አቆመው። አያ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ቆይ፣ ቆይ! ማነው እንዲህ መሰላል የሚያቆም?» ብለው ጀመሩ፤ እስከ መግሪብም አላባሩ። መስኡዳ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች። ማሽኑ ቆሞ ለቅሶውም ከተበተነ ወዲህ ቤቷ ድምፅ ሲሰማበት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።