የጋሽ ቶላ ደም እንዴት «ቢ» ሆነ

የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከፍቶ የወተት ዱቄት ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ክርና መርፌ ይገኛል፣ በርበሬ ይገኛል፤ ወተት ግን የለም። ደግነቱ ሰው ከመጠቀሙ በፊት ያያል፣ ያሸታል። ኮምፒውተር ግን አፍንጫ አልተፈጠረለትም። «ወተት ነው» ካሉት በርበሬውን ሻይ ላይ ይነሰንሰዋል።

መገናኛ የባቡሩ ሐዲድ ገና ሲሠራ፣ አቧራው ቢሯችን ድረስ በሚገባበት ዘመን፣ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ከባልደረባዬ ከሳሚ ጋር ለአንድ የግል ሆስፒታል የታካሚ መመዝገቢያ ሠራን። መረጃው የሚቀመጠው ማንኛውንም ነገር በሚይዙ ሳጥኖች ነው፤ አንዱ ቁጥር ይይዛል፣ አንዱ ፊደል። ሳጥኑ የያዘው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ራሱ ያስታውሳል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ሳሚ ግን መጠየቅ አይወድም። «እኛው ያስቀመጥነውን መልሰን ልንጠይቅ?» ብሎ የደም ዓይነቱ ሳጥን በጉልበት እንደ ፊደል እንዲነበብ አደረገ። ምን ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው!

አጎቴ ጋሽ ቶላ ከካራ መጥተው ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን የገቡት እዚያው ሆስፒታል ነበር። እኔና ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠናል። ሲስተሯ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «የደምዎ ዓይነት ቢ ነው፤ ለማንኛውም እናዘጋጃለን» አለቻቸው።

ጋሽ ቶላ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «የምን ቢ? እኔ እኮ ኦ ነኝ! ለእህቴ ደም ስሰጥ ነግረውኛል!»

ክው አልኩ። የያዝኩት ፌስታል ከእጄ አምልጦ ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሲስተሯ ደም ከመሰጠቱ በፊት ድጋሚ እንደሚመረመር እየነገረችኝ ነው፤ ማን ይስማት? የሌላ ሰው ደም በአጎቴ ክንድ ሲገባ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ለሳሚ ደወልኩ።

«ዛሬ ጠዋት ፕሮግራሙ ላይ ምን ነካካህ?»

«ምንም! ቅጹ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን ብለው ጨመርኩላቸው» አለኝ።

ገባኝ። የሳጥኖቹ ተራ ተዛንፎ በደሙ ቦታ የዕድሜው ሳጥን ገብቷል። ለኮምፒውተር ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በሆዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ ስልሳ ስድስትን በግድ ፊደል ነህ ካሉት «ቢ» ይሆናል። ይህን ስነግረው ሳሚ «መጣሁ!» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ እያለከለከ መጣ። እዚያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ቴምፕሌት የሚባል የፕሮግራም ቁራጭ ጻፍን፤ አንዴ ተጽፎ ለቁጥርም ለፊደልም የሚያገለግል። ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት «የምፈልገው ፊደል ነው፤ አንተ ፊደል ነህ?» ይላል፤ ካልሆነ እምቢ ብሎ ይጮኻል። ስንሞክረው ጮኸ። ጩኸት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ተራውን አስተካከልን፤ ኦ ወጣ። ላቦራቶሪውም ኦ አለ።

እፎይ ብዬ ወደ ክፍሉ ስመለስ እትዬ ብርቄ ምን ተፈጥሮ እንደነበር ጠየቁኝ። እኔም በደስታ ብዛት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ማሽኑ የጋሼን ዕድሜ ደም ነው ብሎ አንብቦት ነው፤ ስልሳ ስድስት የሚለውን ቁጥር!» አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ስልሳ ስድስት? አንተ ሰውዬ! ሽማግሌ ስትልክብኝ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጣት አላልክም? እኔ ገና ሃምሳዬን አልደፈንኩም!»

ጋሽ ቶላ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡና በልመና ዓይን አዩኝ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ገና አልተስተካከለም፤ ንገራት እንጂ!»