ላሜን ያዋለዱ ቀስቃሾች

የምርጫ ሰሞን ቀስቃሽ ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ሰው ሞልቷል። ምን ያድርግ፣ ወሬ ሰልችቶታል። እኔም ወሬ አልወድም። ባለፈው ምርጫ ግን በሬን ወለል አድርጌ የከፈትኩት ራሴ ነኝ። ለምን በሉኛ።

ላሜ ምጥ ላይ ነበረች። ከቀራንዮ በታች የነበረኝን ማሳ ከተማው ከበላው ወዲህ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። የጥጃው ሁለት እግር ብቅ ብሎ ቀርቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ አያነሳም። ጎረቤት ሁሉ ሥራ ሄዷል። እኔና ባለቤቴ ገመድ አስረን ብንስብ፣ ብንስብ፣ ወይ ፍንክች!

በዚህ መሃል አንድ ወጣት ቀስቃሽ አንኳኳ። እነዚህ ሰዎች ዘዴ አላቸው፤ ለየቤቱ የሚልኩት ቤቱን የሚመስል ሰው ነው። ሃይማኖቱንም ያያሉ፣ ቋንቋውንም ያያሉ። ለእኔ የመጣው ማተቡን ከሸሚዙ በላይ አውጥቶ ነው።

«አባባ፣ እርስዎና እኔ እኮ አንድ ነን» አለኝ።

«ግባና ሳብ» አልኩት።

ገመዱን እንደያዘ ጆሮው ወደ ቤት ሄደ። ለካ የባለቤቴ ሬዲዮ የጴንጤ መዝሙር ይዟል። እሷ ጌታን ከተቀበለች ቆይታለች፤ እኔ ደግሞ በአርባ ቀኔ እንደተጠመቅሁ አለሁ። ልጁ በአንድ እጁ ስልኩን አወጣና «ቤቱ የጴንጤ ነው፣ ሌላ ሰው ላኩ» አለ።

ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ንገረው እንጂ!»

ምን ብዬ? ሰው ይምጣ እንጂ!

አንዲት ልጅ መጣች። ገና ከበሩ «ጌታ ይባርክዎት አባቴ» አለች። ለእሷም ገመድ ሰጠኋት። ጥጃው ትንሽ ነቅነቅ አለና ቆመ። ላሟ ስትወራጭ በኦሮምኛ አባበልኳት። የገዛኋት ከሆለታ ነው፤ ያደገችው በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛ አይገባትም። ልጅቱ ደነገጠች።

«ኦሮሞ ናቸው እንዴ?» ብላ ልጁን ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቄ! ሰውየው አይናገሩ!»

እንደገና ስልክ።

ሦስተኛው ደንዳና ጎልማሳ ነው። «አካም ጂርቱ አባ?» አለኝ። እኔ ዓይኔን ከጥጃው አላነሳሁም። ላሟ ግን ዞራ አየችው። ራሷን እየደባበሰ በቋንቋዋ ሲያወራት ፀጥ አለች።

«ስታምጥ ሳቡ፣ ስታርፍ እረፉ» አልኩ። በዚያ ቀን ያደረግሁት ረጅም ንግግር ይሄ ነው። ሳብን። ጥጃው ዱብ ሲል ልጁና ልጅቱ በጀርባቸው ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ጥጃው አነጠሰ።

ልጁ «ተመስገን!» አለ። ልጅቱ «ሃሌሉያ!» አለች። ጎልማሳው «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ከዚያ ሦስቱም ዞረው እኔ ምን እንደምል ጠበቁ።

«ሴት ናት» አልኩ።

ሰው ሁሉ «በቋንቋና በሃይማኖት ከፋፍለው ጨረሱን» ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በምን አፌ ልማረር? ሁሉን የሚያግባባ አንድ ጎበዝ ሰው ልከው ቢሆን ኖሮ ላሜ ሞታ ነበር። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ምርጫው በአምስት ዓመት አንዴ ነው፤ ላሟ ግን በየዓመቱ ትወልዳለች።