የወገቤ ሐኪሞች

ጋምቤላ ውስጥ ወገቡን የሚያመው ሰው ሐኪም አጥቶ አያውቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወገቤን ካመመኝ ዓመታት አልፈዋል። የባጃጅ ሾፌሩ በመስታወት አየት አድርጎኝ ከመቲ ጫካ የሚመጣ ማር ያዝልኛል። ዳቦ ሻጩ ደግሞ ደረቅ ወለል ላይ ተኛ አለኝ። ተኛሁ፤ ጠዋት የሚያነሳኝ ጎረቤት ተፈለገ።

በቅርቡ ጎረቤታችን አቶ ኦጁሉ አርፈው ለቅሶ ሄድኩ። ከወንበሩ ስነሳ "ውይ ወገቤን!" አልኩ። አለቀልኝ! ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱ ዝንጅብል አለ፣ ሌላው ወጌሻ፤ አንድ ሽማግሌማ ወገቤን ሊረግጡልኝ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሟቹን ማን ያስታውስ?

የሟቹ ባለቤት እማማ አሪየት ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"የእኔም ባል እንደ አንተ ነበር" አሉኝ በቀስታ። "ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች። እንቅስቃሴ አሳየችው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በእግርህ ሂድ አለችው። አመሻሽ ላይ ባሮ ወንዝ ዳር አብረን እንሄድ ነበር።"

"ዳኑ?"

"ህመሙ አልጠፋም። ግን እንቅልፍ ተኛ፤ ሳቀ።"

ሄድኩ። ሆስፒታል ያለችው ባለሙያ ምንም ሳታዝልኝ "የት ጋ ነው የሚያምዎት? መቼ ይብሳል?" አለችኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚያ በፊት ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ወገቤ አሁንም ያመኛል፤ ግን ስፌት መኪናዬ ላይ ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ። አመሻሽ ላይ ከእማማ አሪየት ጋር ባሮ ዳር እንሄዳለን። እኔን ሲያመኝ እሳቸው ይቆሙልኛል፤ እሳቸው ሲያለቅሱ እኔ እቆምላቸዋለሁ።